«ደህና ነኝ» ባዩ ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ደህና ይሆናል። ጠዋት እቤቱ ሲያስመልሰው የነበረ፣ አፉ ቆስሎ ሾርባ እንኳ አላስገባ ያለው፣ ጣቶቹ ደንዝዘው መርፌ መጨበጥ ያቃተው ሰውዬ፣ ነጩን ጋውን ሲያይ ወገቡን ቀጥ አድርጎ «ተመስገን፣ ምንም አልሆንኩም» ይላል። ሚስቱን እርር ድብን የሚያደርጋት ይሄ ነበር።

ካንሰሩ ከአንጀቱ ተነስቶ ጉበቱ ጋ ከደረሰ ወዲህ የታወቁት መድኃኒቶች ሁሉ ተሞክረው አልሠሩለትም። የቀረው ገና በሙከራ ላይ ያለ አዲስ መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ሲያስጀምረው አስረድቷል፦ ለመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጥቂት ይሰጣል፣ እነሱን ካልጎዳ ቀጥለው ለሚገቡት መጠኑ ይጨመራል፣ ስለዚህ የሚሰማችሁን ሁሉ ንገሩን። ልብስ ሰፊው ከዚህ ሁሉ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጎዳው ሰው ይቋረጥበታል። ሚስቱ «ሊቋረጥ ይችላል ነው የተባለው» ብላ ምራቋ እስኪደርቅ ብትነግረው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ!

«አንተ ሰውዬ፣ ማንን ነው የምትዋሸው?» አለችው ዛሬም አውቶቡስ ውስጥ።

«ማን ዋሸ? ትንሽ ነገር ናት።»

«ትንሽ! ታዲያ የሸሚዝህን ቁልፍ ማነው የሚቆልፍልህ?»

«ኧረ በፈጠረሽ፣ ሰው ይሰማል።»

ሰው መስማቱ ነው የጨነቀው! ባለፈው ጊዜ እሷው ለሐኪሙ ልትናገር አፏን ከፈት ስታደርግ፣ «እሷ ድሮም ጭንቀት ይወዳታል» ብሎ በሳቅ ዘግቶባታል። ሐኪሙም አብሮ ሳቀ። እሷ ምን ታድርግ?

ዛሬ ሐኪሙ ፊቱ በርቶ ጠበቃቸው። በራጁ ላይ እጢው ትንሽ ቀንሶ ታይቷል። «ደግሞ ከእርስዎ ጋር ከጀመሩት አንድም ሰው አልተቸገረም» አለ። «ለሚቀጥሉት መጠኑን ከፍ እናደርጋለን።» ልብስ ሰፊው አመስግኖ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ወጣት መምህርት ተቀምጣለች። ተራ ሲጠብቁ ከልብስ ሰፊው ጋር መቀላለድ የለመደች ናት፤ የእሷ ካንሰር ሳንባዋ ላይ ነው።

«አባባ፣ እኔም ሰኞ ልጀምር ነው» አለችው። «ከእናንተ ከፍ ያለ ነው የሚሰጥሽ ብለውኛል። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ያሰቃያል እንዴ?»

አፉን ከፈተ፤ ያቺ የለመዳት መልስ ግን አልወጣ አለችው። ሚስቱ ፊቱ ሲለወጥ አየች። ተናገር፣ ተናገር ስትለው የኖረች ሴትዮ፣ አሁን በሆዷ «ዝም በል» አለችው። እጢው ቀንሷል፣ ዝም በል። ልጅቷ እንደሆነች የሌላ ሰው ልጅ ናት። ሐሳቡ ራሷን አሳፈራት፤ ቢያሳፍራትም አልለቀቃትም። እጅጌውን ጨምድዳ ያዘች።

«ያሰቃያል፣ ልጄ» አለ ልብስ ሰፊው። «ለሐኪሙ አልተናገርኩም እንጂ በጣም ያሰቃያል።»

ወደ ሐኪሙ ክፍል ሊመለስ ሲል እጅጌው አስቀረው።

«ልቀቂኝ እንጂ» አላት ቀስ ብሎ። «ተናገር ስትይኝ አልነበር እንዴ?»

«ስንቱን ስለምንህ እምቢ ስትለኝ ኖረህ፣» አለች እንባዋ እየቀደማት፣ «ዛሬ ነው የምትሰማኝ?»

ከዚያ እጅጌውን ለቀቀችና በሩን ራሷ አንኳኳችለት።