ለማሩ የፈተልኩት አውታር

በገና ሠሪ ነኝ። ሰው ሌላ መሣሪያ ይዞብኝ ሲመጣ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ማሩ ኮንትራባስ የሚሉትን በር የሚያህል ባለ አራት አውታር የፈረንጅ መሣሪያ ተሸክሞ የቁስቋምን ዳገት ሲወጣ ሳየው፣ «ምነው፣ ሬሳ ነው የተሸከምከው?» አልኩት። ጣልያን ጥሎት የሄደ ዕቃ ነው። ማሩ ፒያሳ ካለው ሆቴል በየቅዳሜው ይጫወትበታል።

«አያ ወልደኢየሱስ፣ ሽቦው አልያዝ አለኝ» አለ። «ለጣት የሚለዝብ የአንጀት አውታር ይሥሩልኝ። የሆቴሉ አለቃ አንድ ወር ሰጥቶኛል፤ ካልቻልኩ በቦታዬ ሌላ ሰው ያስገባል።»

«በዚህ ዕድሜህ ጉልበትህ የት ሄደ?» ብዬ አላገጥኩበት። ግን እወደዋለሁ። አባቱ በአርበኝነት ዘመን ጓደኛዬ ነበር፤ ልጁን እሽኮኮ ብዬ ለጥምቀት ቀሐ ወንዝ የማወርደው እኔ ነበርኩ።

ለቅበላ ከታረዱ በጎች አንጀት ሰበሰብኩ። አጥቤ፣ ፍቄ፣ ፈትዬ፣ በሁለት ችካል መካከል ወጥሬ አደረቅሁት፤ አንዱን ቀጭን፣ አንዱን ወፍራም አድርጌ። ማሩ ሲመለስ ከአራቱ ሽቦ ሁለቱን ፈትቼ በምትካቸው አንጀቶቹን ላላ አድርጌ አሰርኩ። የትኛውን የት እንዳሰርኩ እንዳያይ ፊቱን አዙሬዋለሁ። በገና የሚገዙኝንም የማስመርጠው እንዲሁ ነው፤ በዓይን አውታር አይመረጥም።

«ዓይንህን ጨፍን። ሳትመታ ተጫንና የቱ እንደሚለዝብ ንገረኝ።»

አራቱንም በግራ እጁ ጣቶች ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰ። ግንባሩን አላበው። በመጨረሻ አንዱን ተጭኖ ፈገግ አለ።

«ይኸ ሸጋ ነው። ጥጥ ነው እኮ!»

ሽቦው ነበር።

እያሾፈብኝ መስሎኝ ልቆጣ ስል ደም በመሣሪያው አንገት ላይ ሲወርድ አየሁ። በሽቦው ላይ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ተበጥሶ ሹል ጫፉ ጣቱ ውስጥ ገብቷል። እሱ ዓይኑን እንደጨፈነ አሁንም ፈገግ ብሏል። እጁን ይዤ አላቀቅሁት።

ወንድሜንም በሽታው እንዲህ ነበር የጀመረው። እሳት ሲያቃጥለው አይሰማውም ነበር። ቁምጥና መሆኑ ሲታወቅ ማዕድ አብሮት የሚቀርብ ጠፋ፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወድቆ ሞተ።

ማሩ ዓይኑን ገለጠ። ደሙን አየ፣ እኔንም አየኝ። አልገረመውም። ያውቅ ነበር።

«ለጽጌሬዳ እንዳይነግሩብኝ» አለ። ሚስቱ ናት። «አውታሩ ከለዘበ ማንም አይነቃብኝም ብዬ ነው። ትንሽ ጊዜ ልጫወት፣ አያ።»

ላጽናናው አፌን ከፈትኩ። እጄ ግን ቀደመኝ፤ የነካኝን ደሙን ከእጄ ላይ በጋቢዬ ጠረግሁ። ደግሜ ጠረግሁ። ማሩ እጄን እያየ ነበር።

ሁለቱን አውታሮች ራሱ ፈታ፤ ጠቅልሎ መደቡ ላይ አስቀመጠልኝ። ሊሰናበተኝ እንደ ልማዱ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ሳይነካኝ ቀና አለ። በሁለት ሽቦ የቀረውን ኮንትራባስ ተሸክሞ ቁልቁለቱን ወረደ።

ልጠራው እችል ነበር። እሽኮኮ ያልኩት ልጅ ነው። በሩን ዘጋሁና እጄን በአመድ ታጠብኩ።