ኢልዋ ወንዙን የተሻገረችበት ገጽ

አፀደ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኢስተን የገበያ ማዕከል አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንድሪው ውስጥ፣ አሥራ አራት ዓመት አንሶላ አጥፋለች። እንግሊዝኛዋንም ያቀናችው እዚያው ነው፤ ከሰው አፍ ሳይሆን እንግዶች አልጋ ላይ ረስተዋቸው ከሚሄዱ መጻሕፍት። ባለቤቱ ሳይፈልገው ሦስት ወር የሞላውን መጽሐፍ ሱፐርቫይዘሩ ለእሷ ያቆይላታል። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው የጥንቶቹን የአውሮፓ ኬልቶች ዘመን የሚተርኩትን የፍቅር ልብ ወለዶች ነበር። ሮማውያን ገና ያልደረሱበት ጭጋጋም አገር፣ ዛፍ የሚመሰክርበት፣ ወንዝ ስሙን ሲጠሩት አቤት የሚልበት። ሽፋናቸው ላይ ደረቱን የገለጠ ጎረምሳ ስለማይጠፋ በቤተ ክርስቲያን ካላንደር ወረቀት ትለብጣቸዋለች።

ያነበበችውን ለብቻዋ አታስቀረውም። ጠረጴዛውን ከበው ሲያጥፉ ለሥራ ባልደረቦቿ ለሳቢራና ለሮሃ ትተርክላቸዋለች። ሳቢራ ከአፀደ በዕድሜ ብዙም የማታንስ፣ ቃል የምትቆጥብ የሐረር ሴት ናት። ሮሃ ግን ገና ሃያ ስድስቷ ነው። ዲቪው የደረሳት እሷ ናት፤ ባሏን ቢሩክን አስከትላ ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም።

አፀደ ስትተርክ አገሩን አቅርባ ነው። ዛፍ ሥር የሚደግሙትን ድሩይዶች ደብተራ ትላቸዋለች፤ የጎሳውን አለቃ ባላባት። በዚያ መኸር የያዘችው ታሪክ የኢልዋ ነበር። ሁለት ጎሳ ደም ተቃብቶ ሲኖር፣ ለእርቅ ስትባል ለባላባቱ ለታርኖክ ተሰጠች። ታርኖክ በጦር ሜዳ አንበሳ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ያው እጁ እሷ ላይ ያርፋል። ኢልዋ ደግሞ ከእናቷ የወረሰችው ኃይል አላት፤ ወንዝ ስትጠራው ይሰማታል።

ሮሃ አንዳንዴ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘች ማጠፉን ትረሳለች።

«እትዬ አፀደ፣ ታዲያ ለምን አትሄድም? ወንዙ ይሰማት የለ?»

«አትቸኩዪ፣ ልጄ። ገና አንደኛው መጽሐፍ ላይ ነን።»

ሁለተኛውን አፀደ ቤክስሊ ሰፈር ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ሽያጭ ላይ አገኘችው። እሱን መተረክ በጀመረች በሳምንቱ ሮሃ ረጅም እጅጌ ለብሳ መጣች። ላውንድሪው በልብስ ማድረቂያ ድራየሮቹ ሙቀት እንደ ምድጃ ነው፤ ሰው እዚያ እጅጌውን ይሰበስባል እንጂ አይዘረጋም። ትራስ ልብስ ለማንሳት ስትንጠራራ እጅጌው ሸሸና ክንዷ ላይ የአራት ጣት ሰንበር ታየ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች አፀደ።

«የመኪና በር ነው።»

ሳቢራ ሰንበሩን አየችና ማጠፏን ቀጠለች። በዕረፍት ሰዓት ግን አፀደ ከድራየሩ ጀርባ ሆና ሰማቻት። «ከቤቴ ሥር ያለው ቤዝመንት ባዶ ነው። ቁልፉን ነገ ላምጣልሽ?» ሮሃ በሹክሹክታ መለሰች፤ «ሐሙስ ልንገርሽ። እስከ ሐሙስ ልሰብበት።»

ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ አፀደ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ የመጽሐፉን መጨረሻ አነበበች። ኢልዋ ወንዙን በስሙ ጠራችው። ውኃው ለሁለት ተከፈለላት። ታርኖክ ዳር ላይ ተንበርክኮ ሰይፉን ጥሎ አለቀሰ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም ብሎ በአማልክቱ ሁሉ ማለ። ኢልዋ ዞራ አላየችውም። ተሻገረች፤ ውኃው ከኋላዋ ተዘጋ።

አፀደ ተናደደች። በማን እንደተናደደች ለራሷም አልገባትም። የሞተው ባሏ ካርቱም እያሉ ሁለት ጥርሷን አውልቆ ነበር። ኮሎምበስ መጥተው ስኳር እግሩን ሲያስቆርጠው ግን እጇን እየሳመ «አንቺ ባትኖሪ» ይል ጀመር። በክብር ቀበረችው፤ «ችላ አሳለፈችው» ተብሎ በሰው ፊት ተመሰገነች። ኢልዋ ልክ ከሆነች የእሷ ሠላሳ ዓመት ምን ሊባል ነው? ደግሞም ሮሃን አሰበች። ልጅ ናት፤ ባሏም ልጅ ነው፤ አገሩ አስጨንቆት ይሆናል። በአንድ ተረት ቤት ይፍረስ?

ሐሙስ ዕለት ሦስቱም ጠረጴዛውን ከበው ቆሙ። አፀደ እስከ ወንዙ ድረስ እንደ መጽሐፉ ተረከች። ታሪኩ እዚያ ሲደርስ ኢልዋን ከመሃል መለሰቻት።

«እንባውን አየችና ልቧ ራራ። ተመለሰች። እሱም ሰይፉን ውኃው ውስጥ ወረወረው።»

«ከዚያስ?» አለች ሮሃ። «ከዚያ በኋላ መታት?»

«ሁለተኛ እጁን አላነሳባትም።»

«መጽሐፉ እንደዚያ ይላል?»

«ይላል» አለች አፀደ፣ ዓይኗን ከአንሶላው ሳታነሳ።

ሮሃ ፈገግ አለች። ወደ ቤት ሊሄዱ ሲሉ ሳቢራ ቁልፉን ብትዘረጋላት «ለአሁኑ ይቆይ» ብላ መለሰችላት። አፀደ ያን ቀን ቤት አዳንኩ ብላ ደስ እያላት ነዳች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሮሃ ሥራ አልገባችም። ስልኳ አይነሳም። እኩለ ቀን ላይ ለሳቢራ ከሆስፒታል ደወሉላት። ቢሩክ ፊቷን ከኩሽናው ጠረጴዛ ማዕዘን ጋር አጋጭቶት ኖሯል፤ ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ነው ፖሊስ የጠራው። ቢሩክ ታስሯል። ሐኪሞቹ የሮሃን ግራ ዓይን ማትረፍ አልቻሉም።

አፀደ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን መጽሐፉን በቦርሳዋ ይዛ ሆስፒታል ሄደች። ሮሃ ግማሽ ፊቷ ተሸፍኖ ትራስ ተደግፋ ነበር።

«እትዬ አፀደ፣ ለምን ተቸገሩ?» አለቻት።

አፀደ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈለገች፤ ግን እዚያ ያለቀሰች እንደሆነ የምታጽናናት ሮሃ ልትሆን ነው። ዋጥ አደረገችው።

«የነገርኩሽ ውሸት ነው። ኢልዋ አልተመለሰችም።»

ሮሃ ቶሎ አልገባትም። ሲገባት አንዷ ዓይኗ አፀደ ላይ ቀረች።

«ሰንበሩን አይተው ነበር።»

«አይቻለሁ።»

«ሳቢራ ያለችኝንም ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

አፀደ ስለ ካርቱም ልትነግራት አፏን ከፈተች። ሰበብ ሆነባትና ተወችው። «ሁሉም እንደኔ የሚችለው መስሎኝ» አለች።

«ያንብቡልኝ።»

አፀደ መነጽሯን አጥልቃ ገጹን ገለጠች። እንግሊዝኛውን አንድ ዓረፍተ ነገር እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችው፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። እንዲህ ከኢልዋ ጋር ወንዙን ተሻገሩ። ስትጨርስ መጽሐፉን ዘጋች።

«ብሰማውም ላልሄድ እችል ነበር» አለች ሮሃ ቀስ ብላ። «እሱን አላውቅም። ግን አንዲት ሴት መሄዷን አውቅ ነበር። ያንን ነው የወሰዱብኝ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ከዛሬ በኋላ አይምጡ።»

ከወር በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሼ ባስልዮስ ደወሉላት። የቢሩክ ዘመዶች ሽምግልና ልከዋል፤ ሮሃ ፍርድ ቤት ቀርባ ባትመሰክርበት ነገሩ በእርቅ ሊያልቅ ይችላል።

«አንቺን ትሰማሻለች ይባላል፣ አፀደ። እንደ እናትዋ ነሽ። እስቲ አንድ ቃል በያት።»

«ሰምታኝ ነው ዓይኗ የጠፋው፣ ጋሼ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወዲያ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰላምታ የሚነሷት ሰዎች ነበሩ።

በየካቲት ዳውንታውን በተሰየመው ችሎት አፀደ ፈቃድ ጠይቃ ሄደች፤ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ሮሃ በሳቢራ ክንድ ተደግፋ ገባች። አስተርጓሚ አልፈልግም ብላ በራሷ እንግሊዝኛ አንድ ሰዓት ያህል መሰከረች፤ ቃል ሲጠፋት ቆም እያለች፣ እየፈለገች፣ እየቀጠለች። ቢሩክ አንገቱን ደፍቶ ነበር። በኋላ ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። አፀደ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ሮሃ አየቻት፤ ለማታውቀው ትልቅ ሰው እንደሚደረገው አንገቷን ዝቅ አድርጋ አለፈችና ሊፍት ውስጥ ገባች። በዚያው ሳምንት ዴንቨር ያለች የአክስቷ ልጅ ዘንድ ሄደች።

ላውንድሪው ውስጥ በሮሃ ቦታ አዲስ ሴት ተቀጠረች። አንድ ቀን «አፀደ፣ ድሮ ታሪክ ታወሪ ነበር አሉ» አለቻት። ሳቢራ ቀና ብላ አፀደን አየቻት። አፀደ አንሶላውን ከአራት አጠፈችው፣ ከክምሩ ላይ አኖረችውና ሌላ ሳበች።