የስድስት ሳምንት ጭቃ

ፈርሂያ ከሪያድ ስትመለስ ልጇ ኢልሀም አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆኗት ነበር። ትታት የሄደችው ገና ዳዴ ስትል ነው። በመሀሉ ሕፃኗን ያሳደገቻት የፈርሂያ ታላቅ እህት ሐዋ ናት፤ ከአጅባር ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ በገብስ ማሳና በጥጃ መሀል። ኢልሀም እናቷን የምታውቃት በስልክ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ብቅ እያለች የምትስቅ፣ ስቃ ስትጨርስ ደግሞ እንባዋን የምትጠርግ ሴት። ሐዋን «እማ» ትላታለች። የወለደቻትን «ፈርሂያ» ብላ በስሟ ነው የምትጠራት።

ሐዋ በሰኔ ልጅቷን ስታስረክብ አላለቀሰችም። «ሌሊት ትራገጣለች፤ ልብሱን መልሺላት» ብቻ አለች፤ ከዚያ ዞር ብላ ወደ ቤቷ ገባች። እናትና ልጅ ሁለት መኪና ቀይረው መካነ ሰላም ደረሱ። ፈርሂያ ከመናኸሪያው በስተጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ ነበር። ከተማ የመረጠችው ለትምህርት ቤቱ ስትል ነው። እሷ ራሷ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ ልጇ እንዲህ እንድትሆን አትፈልግም።

በግድግዳው ላይ ትልቅ የፊደል ገበታ ለጠፈች። ቦርሳ ገዛች፣ ባለ ቀለም እርሳስ ገዛች፣ ሲጫኑት የሚዘፍን የፕላስቲክ ስልክ ገዛች። ጧት ጧት ቁርስ ከተበላ በኋላ ልጅቷን ገበታው ሥር ታስቀምጥና በዘንግ እያመለከተች፣ «ሀ በይ» ትላለች።

ኢልሀም መስኮቱን ታያለች።

«ሀ በይ እንጂ። ቀላል ነው።»

ኢልሀም እግሯን ታያለች። እንዲህ እያለ ሰኔም ሐምሌም አለቀ። እዚያው ሳውዲ፣ ጂዛን ውስጥ ሹፌር የሆነው የፈርሂያ ባል አዩብ በደወለ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። «ፊደሉስ? ቪዲዮ ላኪልኝ እንጂ። የጓደኛዬ ልጅ ደሴ ላይ በእንግሊዝኛ ይዘምራል።» ፈርሂያ ኔትወርኩ አስቸገረኝ ትለዋለች። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

በነሐሴ መግቢያ የመዋዕለ ሕፃናቱ ምዝገባ ተጀመረ። ፈርሂያ ልጇን አጥባ፣ ፀጉሯን ሠርታ፣ አዲስ ጫማ አድርጋላት ሄደች። መዝጋቢዋ መምህርት የሻለም ናቸው፤ ሃምሳውን ያለፉ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት።

«ስምሽ ማነው የኔ እናት?»

ኢልሀም አልመለሰችም።

«ንገሪያቸው እንጂ» አለች ፈርሂያ፤ ላብ አጠመቃት። «ቤት ውስጥ ትናገራለች እኮ። ወላሂ ትናገራለች።» ይህም እውነት አልነበረም። ቤት ውስጥም የምትናገረው «ውኃ» እና «በቃኝ» ነበር።

መምህርቷ የልጅቷን ዓይን ተከትለው ወደ በሩ ተመለከቱ። በደረቁ የበረንዳ ጥግ ላይ ጉንዳኖች ተሰልፈው ይሄዳሉ። መዝገቡን ዘግተው ተነሡና ከልጅቷ ጎን ቁጢጥ አሉ። ጉልበታቸው ቋ አለ።

«ምን ተሸክመው ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ስንዴ» አለች ኢልሀም።

«አይከብዳቸውም?»

«ይረዳዳሉ። ያኛው ግን ሰነፍ ነው፤ ባዶውን ነው የሚሄደው።»

«ስንት ሆነው ነው የያዙት?»

ኢልሀም ጎንበስ ብላ አየች። «አራት። አይ፣ አምስት። አንዱ ከሥር ነው ያለው፣ አይታይም።»

ፈርሂያ ከልጇ አፍ ይህን ያህል ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። መምህርቷ ግድግዳውን ደግፈው ተነሡና መዝገቡ ላይ ስሟን ጻፉ። ከዚያ ፈርሂያን ወደ ጎን ወሰዷት።

«ቤት ውስጥ ምን ታስተምሪያታለሽ?»

«ፊደል።»

«ገበታውን አንሺው። ፊደል የኛ ሥራ ነው፤ አደራ አታስጠሊያት። ትምህርት ሊከፈት ስድስት ሳምንት አለሽ። ጫማዋን ራሷ እንድታደርግ፣ ሽንቷ ሲመጣ እንድትናገር፣ ተራ እንድትጠብቅ፣ ካንቺ ለጥቂት ጊዜ ተለይታ ከልጆች ጋር እንድትውል አድርጊልኝ። ተረት ንገሪያት። ሜዳ ውሰጃት። ተጫወቱ።»

ፈርሂያ አንገቷን ደፋች። «እኔ መጫወት አላውቅም፣ መምህርት። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ሥራ ላይ ነኝ። የሰው ልጆች አሳድጌያለሁ፤ እነሱም ቢሆኑ ከቤት አይወጡም ነበር።»

«አብሽሪ» አሏት መምህርቷ። «እሷ ታውቃለች። ተከትለሻት ሂጂ።»

በማግስቱ ዝናቡ አባራ። ፈርሂያ በሩን ከፍታ፣ «እሺ፣ እንጫወት» አለች፤ ልብስ እንጠብ እንደሚባለው አድርጋ። ኢልሀም አየቻት። አዲሱን ጫማ አወለቀች፣ ደጃፉ ላይ አጋጥማ አስቀመጠችና ወጣች። ፈርሂያም ተከተለቻት። ባሕር ዛፎቹን አልፈው ከከተማው ዳር ያለው ሜዳ ደረሱ፤ ከሜዳው ሥር ጅረት ይወርዳል፤ ክረምቱ ውኃውን አደፍርሶታል።

ፈርሂያ ዳር ላይ ቆመች። አራት ዓመት ሙሉ ነጭ እምነ በረድ ስትወለውል ኖራ ጭቃን እንደ ጠላት ነበር የምታየው። አንዲት የእግር ዱካ ወለል ላይ ከታየች እመቤቲቱ ትጮህ ነበር። ኢልሀም ግን እስከ ጉልበቷ ገብታለች። ከጅረቱ ዳር በጥፍሯ ጭቃ ቆንጥራ በጣቶቿ መሀል አሸችው፤ መልሳ ጣለችው።

«ምነው?» አለች ፈርሂያ።

«አሸዋ አለው። ይሰነጠቃል።»

ሌላ ቦታ ቆፈረች። ጥቁርና ለስላሳ ጭቃ አገኘች። ድንጋይ ላይ አድርጋ አቦካችና በሬ ትሠራ ጀመር፤ አካል፣ አራት እግር፣ ለቀንድ ሁለት እሾህ። ቁራሽ ጭቃ ወደ እናቷ ዘረጋች። ፈርሂያ ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ አለች። የሠራችው በሬ እንደ ድንች ሆነ። ኢልሀም አየችው፣ አዘነችለት መሰል፣ ወስዳ እግሩን አስተካከለችለት። «የመጀመሪያሽ ስለሆነ ነው» አለች።

ፈርሂያ ሳታስበው ሳቀች። ቤት ሲደርሱ ገበታውን ከግድግዳ አንሥታ ጠቅልላ ከአልጋ ሥር አስገባችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ዝናብ ባባራ ቁጥር ይወጡ ነበር። ኢልሀም የምታውቀው ብዙ ነው። ማገጥ የሚባለው ሣር አበባው ሲመጠጥ እንደሚጣፍጥ፣ ሳማ ቆዳን እንደሚያቃጥል፣ ቀንድ አውጣ ቀንዱን ሲነኩት እንደሚሸሽግ። ቅልሞሽ ሲጫወቱ ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውራ ሦስቱን ከመሬት አፍሳ ትቀልባለች፤ እስከ አሥር ትቆጥራለች፤ ከአሥር በኋላ «ሌላ አሥር» ትላለች። የፈርሂያ ድርሻ ተረት ሆነ። ልጅ ሆና የሰማችውን የጦጣና የዝንጀሮ ተረት ፈልፍላ አወጣች፤ መጨረሻው ሲጠፋባት ከራሷ ትጨምራለች። ኢልሀም ግን ትይዛታለች። «ትናንት ጦጣዋ አልወደቀችም።»

ጎረቤታቸው እታገኘሁ አንድ ቀን ከአጥሩ በላይ ተመለከተቻቸው። የሷ ልጅ መሰረትም በመስከረም ትምህርት የምትጀምር ናት። «እኔ ጉልት ስውል እሷ ቤት ተዘግቶባት ነው የምትውለው» አለች። «ፈርሂያ፣ ካላስቸገረችሽ አንቺ ጋ ትዋል?» በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ ሦስት ሆኑ፤ በሦስተኛው ስድስት።

የሰው አፍ ግን ዝም አይልም። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው አሕመዲን ደንበኞቹን እያሳቀ፣ «ከዐረብ አገር ተመልሳ ሱቅ ትከፍታለች ስንል ጭቃ ትጠፈጥፋለች» ይል ነበር። ፈርሂያ ሰማችው። ሳሙና ልትገዛ ገብታ ሳለ፣ «ሱቁንም እንከፍታለን ኢንሻአላህ፤ ሳሙናህን ግን ጨርሰን ነው» አለችው። ሳምንት ሳይሞላ የራሱን ልጅ ሱፍያንን፣ ስድስተኛውን፣ እጁን ይዞ አመጣው። «ቤት ውስጥ ዕቃ እየሰበረ እናቱን አስቸግሯታል» አለ መሬት መሬቱን እያየ። ፈርሂያ ሱፍያንን ተቀብላ ጫማውን እንዲያወልቅ አሳየችው።

ከጨዋታዎቹ አንዱ የጥሪ ጨዋታ ነበር። ሐሳቡ የመምህርት የሻለም ነው፤ አንድ ቀን በሜዳው ሲያልፉ ነው የነገሯት። አንዱ ከዛፍ ጀርባ ይደበቃል፤ ሌሎቹ ይጠሩታል፤ እሱ ካለበት ሳይንቀሳቀስ «አለሁ» ይላል፤ በድምፁ ይፈልጉታል። «ልጅ የጠፋ እንደሆን መሮጥ አይደለም የሚያድነው፤ ቆሞ መጣራት ነው» ብለው ነበር።

በጳጉሜን ሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሜዳ ላይ እያሉ ጉሙ ወረደ። በዚያ አገር ጉም ሲወርድ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ አሁን ባሕር ዛፎቹ ይታያሉ፣ አሁን የሉም። ፈርሂያ ልጆቹን ሰብስባ እጅ ለእጅ አያያዘችና ቆጠረች። አምስት። እንደገና ቆጠረች። አምስት። የሌለችው ኢልሀም ናት።

«ጫማዬን ልታመጣልኝ ነው የሄደችው» አለች መሰረት ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። «ጅረቱ ጋ ረስቼው።»

የጅረቱ ድምፅ ከወትሮው ጎልቶ ይሰማል። ልጆቹን ትታ መሮጥ አትችልም፤ ቆማ መጠበቅም አትችልም። «ያረቢ» አለችና በሙሉ ድምፅዋ ተጣራች።

«ኢልሀም።»

ዝምታ።

«ኢልሀም።»

«አለሁ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከወደ ታች መጣ። «ፈርሂያ፣ ቆሜያለሁ። አትሩጪ፣ ያዳልጥሻል። በቀስታ ነይ።»

አምስቱን ልጆች አስከትላ በድምፁ ወረደች። ትጠራለች፣ ልጅቷ ትመልሳለች፤ ትጠራለች፣ ትመልሳለች። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ አገኘቻት። ኢልሀም የመሰረትን ጫማ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሌላ እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ቆማለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ፈርሂያ አነሣቻት። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጅቷ ስትታቀፍ እንደ እንጨት ነበር የምትደርቀው፤ አሁን ግን አንገቷ ውስጥ ገባች። «ፈርቼ ነበር» አለች በጆሮዋ። «እኔም» አለች ፈርሂያ። ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ ድንጋዩን ተጠግተው ተቀመጡ፤ ፈርሂያ የጦጣዋን ተረት ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው።

በዚያ ሳምንት አዩብ ሲደውል ሰበብ አልፈጠረችም። ስልኩን ወደ መስኮቱ ደፍ አዞረችው፤ የደረቁ የጭቃ በሬዎች ተሰልፈዋል፣ ኢልሀም ከጎናቸው ቆማለች። «ፊደል አትቆጥርም» አለችው። «በሬ ትሠራለች። ጫማዋን ራሷ ታስራለች። ጉም ውስጥ አልጠፋችም። ያለኝ ይሄ ነው።»

አዩብ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ሻኛው የታለ?» አለ።

«ምን?»

«የበሬው ሻኛ። በሬ ያለ ሻኛ ምንድነው? ኢልሀም፣ ስሚኝ፤ እኔ ባንቺ ዕድሜ ስሠራ መጀመሪያ ሻኛውን ነበር የማበጀው። ጭቃውን በአውራ ጣትሽ ወደ ላይ ግፊው።» ኢልሀም ወደ ስልኩ ተጠጋች። አባትና ልጅ ስለ ሻኛ ግማሽ ሰዓት አወሩ፤ ስለ ፊደል ማንም አላነሣም።

ትምህርት የተከፈተው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ግቢው በለቅሶ ተሞላ። ሱፍያን የአባቱን እግር ጨምድዶ ይዞ አልለቅም አለ፤ አሕመዲንም ዓይኑ ቀላ። መምህርት የሻለም በር ላይ ቆመው አንድ በአንድ ይቀበላሉ። ኢልሀም ዘንድ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ቁጢጥ አሉ።

«ማን አመጣሽ?»

«የኔ ፈርሂያ» አለች ኢልሀም። ከዚያ እጇን ከእናቷ እጅ አውጥታ ወደ ሱፍያን ሄደች። «ና፣ ጠጠር ይዣለሁ» አለችው። ሱፍያን አፍንጫውን እየሳበ ተከተላት።

ፈርሂያ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «እማ» ባትባልም አልከፋትም። «እማ» ሐዋ ናት፤ ሐዋ ደክማበታለች። «የኔ» የምትለዋ ቃል ግን ከየት እንደመጣች ታውቃለች፤ ልጅቷ ራሷ ነች የጨመረቻት።

በማግስቱ ኢልሀም አለቀሰች። በሦስተኛውም ቀን አለቀሰች፤ አጥሩን ይዛ ነበር የቀረችው። በአራተኛው ስትገባ ዞር ብላም አላየች። ማታ ማታ በስልክ ለሐዋ የዋለችበትን ትነግራታለች፤ ሐዋም ከወዲያ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ በይ ፈርሂያን ስጪኝ» ትላለች፤ እህትማማቾቹ ደግሞ በተራቸው ያወራሉ።

በሁለተኛው ሳምንት መምህርት የሻለም ፈርሂያን አስጠሯት። ክፍላቸው ውስጥ ሠላሳ አራት ልጆች አሉ፤ ረዳት የለም።

«ረቡዕ ረቡዕ ሜዳ ላወጣቸው አስቤ ነበር» አሏት። «ብቻዬን አልችላቸውም። አንቺ ትመጫለሽ?»

«እኔ አልተማርኩም እኮ፣ መምህርት።»

«ስለ ሜዳው ነው የጠየቅሁሽ።»

ረቡዕ ዕለት ሠላሳ አራቱን ልጆች ሁለት ሁለት አድርገው አሰለፉና ባሕር ዛፎቹን አልፈው ወረዱ። ዝናቡ አልቋል፤ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ ጅረቱ ጠርቷል። ፈርሂያ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከፊት ትሄዳለች። ልጆቹ ሜዳው ላይ ሲበተኑ ሁለቱ ሴቶች ሣሩ ላይ ተቀመጡ። መምህርቷ ከመቀነታቸው የገብስ ቆሎ ፈትተው ለሁለት አካፈሉ።

«ደከመሽ?» አሏት።

«አልደከመኝም» አለች ፈርሂያ። እውነቷን ነበር። ከጅረቱ ዳር አንድ የማታውቀው ልጅ፣ «እትዬ ፈርሂያ፣ ይሄ ጭቃ ይሆናል?» እያለ ተጣራ። ቆሎዋን አፏ ውስጥ ጨመረችና ልታይለት ተነሣች።