ጡንቻን የሸወደው የቦሎቄ ቅርፊት

ስታመን ስድስት ዓመት ሙሉ ሆዱን በኢንሱሊን መርፌ ሲወጋ ኖሯል። ያለሱ ሳምንት እንደማይቆይ ያውቃል፤ አንድ ቀንም አጓድሎ አያውቅም። ልጁ ዝላትካ አንድ ለእናቷ ናት፤ ቡልጋሪያ፣ ፕሎቭዲቭ ከተማ ቤተ ሙከራ ውስጥ የስኳር በሽታን ታጠናለች።

ስታመን በሚኖርበት በሮዶፔ ተራሮች ስኳር ያለበት ብዙ ሰው የቦሎቄ ቅርፊት ቀቅሎ ይጠጣል። ዝላትካ ነገሩ እውነት መሆኑን ልታጣራ ስትነሳ ቅርፊቱን ከአባቷ ማሳ ወሰደች። እሱም ከኩራቱ ብዛት የሚያደርገውን አጣ፤ ፍሬውን ረስቶ ቅርፊቱን በንጹሕ አንሶላ ላይ ያሰጣ ጀመር።

አንድ እሑድ መጥታ ሾርባ እየጠጡ ነገረችው።

«አባባ፣ የአይጥ ጡንቻ ስኳር ያለበት ውሃ ውስጥ ነከርን። ያንተን ቅርፊት ጭማቂ ጠብ ስናደርግበት ኢንሱሊን የመጣ መስሎት ስኳሩን ዋጠው።»

«ተሸወደልሽ በይኛ።»

«ክፉኛ ነው የተሸወደው። ልዩነቱንም አላወቀው።»

«እኔ በመርፌ ስበሳሳ መድኃኒቱን ለፍየል ሳበላ ኖሬያለኋ።»

ተያይተው ሳቁ። መናገር የነበረባት ይሄኔ ነበር። ሳህን ላይ ያለ ቁራጭ ጡንቻ ሰው አይደለም፤ ጉበት አለ፣ ሆድ አለ፣ ቅርፊቱ እዚያ ሲገባ ምን እንደሚሆን ማንም ገና አላየም። ለተማሪዎቿ ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው እኮ። ግን አባቷ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም። ደስታውን ማደፍረስ አሳዘናትና በሚቀጥለው እነግረዋለሁ ብላ ተወችው። የተማረ ሰው ቂልነት ይሄ ነው እንግዲህ።

በአምስተኛው ቀን ከሆስፒታል ተደወለላት። ለካ እሑድ እሷን እንደሸኘ መርፌውን ትቶ ቅርፊቱን ሲጠጣ ነው የሰነበተው። ስትደርስ ከንፈሩ ደርቆ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«አባት፣ መርፌውን ተዉ ያለዎት ማነው?» ሐኪሟ ጠየቀች።

ስታመን ልጁን አየት አደረገ። «የሰፈር ሴቶች ናቸው» አለ።

ዝላትካ እኔ ነኝ ልትል አፏን ስትከፍት እጇን ያዝ አደረጋት። ሐኪሟ ዞር ስትል «ሥራሽን ያስቆሙብሻል፣ ዝም በይ» አላት። ዝም አለች። ለምን ዝም አልኩ እያለች እስከ ዛሬ ራሷን ትረግማለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈ። ሐኪሟ ዝላትካን ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር አስቀምጣ ውሃ ሰጠቻት፤ ትከሻዋንም አቀፈቻት።

«አይዞሽ እህቴ» አለቻት። «እንዳንቺ ያለች አዋቂ ልጅ እያለቻቸው የሰፈር ወሬ ከሚሰሙ፣ ምናለ አንቺን ጠይቀውሽ ቢሆን ኖሮ።»