የት ላይ ነበር ያቆምነው?

ይህ ታሪክ ከአናቱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። ብዋሽ ምላሴ ይታሰር፣ የያዝኳት እስክሪብቶም እዚሁ ትድረቅ። የማያምን ካለ፣ ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት በልመና መሆኑን ይወቅልኝ። ነገር አሳምሮ መዋሸት የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ እኔ የሆነውን ብቻ ነው የምጽፈው።

ሰውየው ጋሽ ሰባት ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት መስኮት ቁጥር ሰባት ላይ ስለተቀመጠ ቁጥሩ ስሙን በላው። ሥራው የጡረተኞችን መኖር ማረጋገጥ ነው። ጡረተኛ በዓመት አንድ ጊዜ በአካል ቀርቦ አለመሞቱን ማሳየት አለበት። መሞትህን ሰው ይናገርልሃል፤ መኖርህን ግን አንተው ተሰልፈህ ነው የምትናገረው። መስኮቷ ጋ ይደርሱና «አለሁ» ይላሉ። ጋሽ ሰባት አንገቱን አስግጎ ያያቸዋል፣ መዝገቡን ይገልጣል፣ ማኅተሙን ያሳርፋል።

ፊት ግን አያምንም። «ፊት በዓመት ውስጥ ይለወጣል፣ የኔን አታዩም?» ይላል። መታወቂያም አያምንም። የሱ ማጣሪያ ሌላ ነበር። እያንዳንዱን ሰው አንድ ጨዋታ ያስጀምረዋል። ጨዋታው ጥሞ ጥሞ አጓጊው ቦታ ላይ ሲደርስ ማኅተሙን ዷ! ያደርግና «በቃ፣ የቀረውን ለከርሞ። ለከርሞ ሰው ይበለን» ይላል። በዓመቱ ሰውየው ሲመለስ የመጀመሪያዋ ጥያቄ አንድ ናት፦ «የት ላይ ነበር ያቆምነው?» ያወቀ እሱው ነው። ያላወቀ ወይ ሌላ ሰው ነው፣ ወይ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ሦስት ሺህ ጡረተኛ፣ ሦስት ሺህ ያላለቀ ጨዋታ፣ ሁሉም በአንድ ጭንቅላት። አንድ አናጢ ሐኪሞች ስድስት ወር ሰጥተውት አራት ዓመት የኖረው፣ የጀመርኩትን የጅብ ጨዋታ ሳልጨርስ አልሄድም ብሎ ነው።

የጋሽ ሰባት ልብ ከሁሉም በላይ የተንጠለጠለው ግን የእትዬ ባለ አውቶብሷ ጨዋታ ላይ ነበር። ባሏ የአውቶብስ ሾፌር ነበር። ከአባቷ ሊጠይቃት የመጣ ዕለት ፈረቃው አላለቀም ነበርና አውቶብሱን ከነተሳፋሪው ይዞ መጥቶ ደጃቸው ላይ ገተረው። ይህን ለመናገር አንደኛው ዓመት አለቀ። በሁለተኛው ዓመት ሾፌሩ ከአውቶብሱ ወረደ። በሦስተኛው ተሳፋሪዎቹ «ኧረ ሥራ ረፈደብን!» ብለው ጮኹ። በአራተኛው ነገሩ ገባቸውና እነሱም ወርደው ከኋላው ቆሙ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ አውቶብስ ከደጃፉ ንቅንቅ አላለም። በዘጠነኛው ዓመት አባትየው በሩን ከፈተ፣ ሾፌሩን አየ፣ ከኋላው የቆሙትን አርባ ሰዎች አየ፣ አፉንም ከፈተና...

ዷ!

«የቀረውን ለከርሞ፣ እትዬ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ብሞትብህስ?»

«ሳይጨርሱማ የትም አይሄዱም!»

በዚህ ማጣሪያ የተያዘ ሰውም አለ። አንድ ወሮበላ፣ የሞተ አጎቱን ካፖርት ደርቦ፣ ጢሙን በዱቄት አንጥቶ፣ ከዘራ ተደግፎ መጣ። ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቱ ይደርሳል፤ እጆቹ እጅጌው ውስጥ ጠፍተዋል።

«አለሁ» አለ በተሰበረ ድምፅ።

«እንኳን ኖሩ። የት ላይ ነበር ያቆምነው?»

«እ... ወገቤን ሲያመኝ?»

ጋሽ ሰባት ሳቀ። «የኔ ልጅ፣ ያቆምነው ውሻው አንድ እግር ጫማቸውን ነክሶ ወንዙን ሲሻገር ነው። አጎትህ መቼ አረፉ?»

«ባለፈው ወር» አለ ወሮበላው፤ እንባው ዱቄቱ ላይ መንገድ አወጣ። አሁን ፖሊስ ይጠራል ብሎ ሲጠብቅ፣ ጋሽ ሰባት ካፖርቱን ብቻ ከላይ እስከ ታች አየው። «ሰፍቶሃል። ልክ ሲሆንህ ተመለስ» አለና ቀጣዩን ጠራ።

ከዚያ አገልግሎቱ እንደ አዲስ ይደራጃል፣ ሁሉ ነገር በኮምፒውተር ይሆናል ተባለ። ላፕቶፕ ያነገተች ወጣት ኢንጂነር መጥታ አንድ ሳምንት ጎኑ ተቀመጠች። በስልኳ ሰዓት ትይዛለች።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ያጠፋሉ።»

«አጠፋለሁ? እኔ ያለማሁ መስሎኝ።»

ሳቀች። ወረቀቷ ላይ ሣጥን በሣጥን ሥላለች፦ ሰው ይገባል፣ መዝገብ ይወጣል፣ ማኅተም ይመታል። አንዷ ሣጥን ባዶ ናት። «ይሄ ‹የት ላይ ነበር ያቆምነው› የሚሉት ነገር፣ መልሱ የት ነው የተመዘገበው?»

ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«እሱ ቢታመምስ? ቅጂው የት አለ?»

ጋሽ ሰባት ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲጠይቅ ኖሮ፣ መጠየቅ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቀ። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። የገዛ አያቷ እዚያው ሰልፍ ላይ አዳልጧት እግሯን ሰብራለች። ባዶዋ ሣጥን ውስጥ «ወሬ» ብላ ጻፈችና በቀይ ሰረዘቻት።

ወዲያው መስኮቷ በግንብ ተደፈነች። ጡረተኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ ፊቱን ለስልኩ ያሳያል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ፈገግ ይላል፤ አርባ ሴኮንድ። ሰልፍ የለ፣ ግፊያ የለ፣ በሞተ ሰው ስም የሚመጣ አጭበርባሪ የለ። ሕዝቡ መረቀ። ጋሽ ሰባትም ዕድሜው ደርሶ ነበርና ማኅተሙን አስረክቦ፣ ሦስት ሺህ ያላለቀ ጨዋታ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ናት። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ግድግዳው ላይ እየሳቀች ተሰቅላለች። ጠዋት ይነሳል፣ ሻይ ይጥዳል፣ ሁለት ብርጭቆ ያወጣል፣ አንዱን ይመልሳል። ሬዲዮው ዜና ሲጨርስ «በቃ፣ የቀረውን ለከርሞ» ይለዋል። ሬዲዮ ግን የት ላይ እንዳቆመ አያውቅም፤ በማግስቱ ሌላ ይጀምራል። አንዳንድ ቀን ሻዩ እጁ ላይ እየቀዘቀዘ፣ ያ አባት አፉን ከፍቶ ምን አለ? እያለ ያስባል።

ዓመቱ ሲዞር እሱም በተራው መኖሩን እንዲያረጋግጥ መልእክት መጣለት። ኮሌታውን አስተካከለ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ስልኩን ፊቱ ላይ ደገነ።

«እባክዎ ፈገግ ይበሉ» አለ ስልኩ።

ፈገግ ያለ መሰለው።

«እባክዎ ፈገግ ይበሉ።»

ጥርሱን አወጣ።

«እባክዎ ፈገግ ይበሉ።»

ይህን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ፊቱን የምትፈልገው አረንጓዴ ሣጥን እሱን ትታ ተንሸራተተችና፣ ከትከሻው በላይ ግድግዳው ላይ ሄዳ ሚስቱ ፊት ላይ አረፈች። «ፊት ተገኝቷል። እናመሰግናለን። አሁን ወደ ቀኝ ይዙሩ።»

ጋሽ ሰባት ዞሮ ፎቶዋን አየ። «ዙሪላቸው እንጂ» አላት።

አልዞረችም። «ሕያው መሆንዎ አልተረጋገጠም» አለና ስልኩ ጸጥ አለ።

በማግስቱ ቢሮ ሄደ። ኢንጂነሯ አለቃ ሆናለች፤ አቅፋ ሳመችው።

«ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ መፍትሔ አለው። ማሽኑ እምቢ ያለውን ሰው፣ እዚህ የተመዘገበ አንድ የሚያውቀው ሰው አብሮት ቀርቦ በራሱ ስልክ ይመሰክርለታል። እስከ ወሩ መጨረሻ ግን ካልሆነ መዝገቡ ‹ሟች› ተብሎ ይዘጋል።»

«አንቺው መስክሪልኛ።»

«ሠራተኛ አይመሰክርም። ምስክርነት የሚሸጡ ነበሩ... ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ጥሩ ደንብ ነው» አላት። ከልቡ ነበር።

ቤቱ ገብቶ ስልኩን ከፈተ። ሦስት ቁጥር አለው፦ የቧንቧ ሠራተኛው፣ አሁን ማሽን የሚያነሳው የድሮ ቢሮው፣ የሚስቱ። ቧንቧ ሠራተኛው ከተማ ለቋል። የጎረቤቱን በር አንኳኳ፤ ጎረቤቱ በሩን ገርበብ አድርጎ «አባባ፣ ስምዎን እንኳ አላውቅም፣ በምን አፌ ልመስክር?» አለው። እውነቱን ነው፤ ከገባ ሁለት ወሩ ነው።

ጋሽ ሰባት ሦስት ሺህ ሰው ያውቃል። የማን ጥርስ ሠርጉ ቀን እንደወለቀ ያውቃል። ቤታቸውን ግን የአንዱንም አያውቅ። አድራሻቸው መዝገቡ ላይ ነበር፤ እሱ መዝገቡን ይገልጥ ነበር እንጂ አያነብም ነበር።

እናም መስኮት ሰባት በነበረችበት ግንብ ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥ ጀመር፤ ምናልባት የሚያውቀው ሰው ቢመጣ። ማን ይመጣል? እንዳይመጡ እኮ ነው ያ ሁሉ የተደከመው።

«ጋሽ ሰባት፣ ዛሬም አሉ?» ይለዋል ዘበኛው።

«ካሉት በታች፣ ከሞቱት በላይ። እሱም እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።»

«እኔም የዚሁ ቤት ደመወዝተኛ ሆንኩብዎ እንጂ...»

«ተወው፣ ደንብ ደንብ ነው።»

በመጨረሻው ቀን፣ በሩ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ አንዲት አሮጊት ከዘራዋን እያንኳኳች ገባች። አዳራሹ መሃል የቆመውን ስክሪን አልፋ ቀጥ ብላ ወደ ግንቡ ሄደችና «አለሁ!» አለችው።

ጋሽ ሰባት ከወንበሩ ብድግ አለ። «እትዬ! የት ላይ ነበር ያቆምነው?»

«አባቴ አፉን ከፍቶ ነዋ! እንደከፈተ ቀረ እኮ፣ ዝንብ ገባበት!»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«‹ፍሬን ይዘሃል?› አለዋ! ደጃችን ቁልቁለት ነው። ያም ‹ይዣለሁ፣ ድንጋይም አስደግፌያለሁ› አለ። አባቴ ወደኛ ዞሮ ‹በፍቅር አብዶ ፍሬን ያልረሳ ሰው ልጄን አይጥላትም› አለና አስገባው። አርባው ሰው ደጅ ላይ አጨበጨበ።»

ስልኳን አወጣች። «ይህን ሰው በአካል ያውቁታል?» ሲላት «ጨዋታ ቆራጭ! እንዴት አላውቀው!» ብላ ተጫነችው። ስክሪኑ ላይ «ሕያው» የሚል ወጣ፤ ተደጋግፈውም ወጡ።

ታሪኩ ይኸው ነው። አንዲት ነገር ብቻ ጨምሬያለሁ፤ ካልተናገርኩ እስክሪብቶዬ ትደርቃለች። አሮጊቷ አልመጣችም። መስኮቷ በተደፈነች በሁለተኛው ወር አርፋለች፤ ኢንጂነሯ ናት መዝገብ ፈልጋ ለጋሽ ሰባት የነገረችው። አባቷ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ዛሬ በምድር ላይ የለም፤ የፍሬኑን ነገር ከራሴ ነው ያመጣሁት። በዚያ ሰዓት የገባው፣ እዚሁ ለጡረታ የተመዘገበ፣ የራሱ ጉዳይ ያመጣው አንድ ጎልማሳ ነው። ብርድ ስለነበር ካፖርት ለብሷል። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠውን ሽማግሌ ሲያይ ቆመ። ሽማግሌውም ቀና ብሎ ከጫማው እስከ አንገቱ አየው።

«የት ላይ ነበር ያቆምነው?» አለ።

«ካፖርቱ ላይ፣ ጋሼ» አልኩት።

እጅጌዬን ጎተት አድርጎ ለካ። ልክ ነበር። ስልኬን አወጣሁ።