ጩጬ አልወድቅም ያለ ዕለት

እናቴ «እኔም እሄዳለሁ» ስትል እንዴት እንደማስቀራት ማሰብ ጀመርኩ። ታናሽ ወንድሜ ጩጬ ጎሚስታ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ ይከርምና እሁድ ሲሆን ወታደር ይሆናል። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ከጓደኞቹ ጋር በአያቶቻችን ዘመን የተደረገውን ጦርነት እንደገና ይዋጋሉ፤ ሕዝቡም ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። ገዳይም ሟችም ሲመሽ አንድ መኪና ተሳፍረው ይመለሳሉ። ለእኔ የጎረምሶች ዕቃ ዕቃ ነው። ለእናቴ ግን እንዴት ጨዋታ ይሆናል? ታላቅ ወንድማችን የእኛ ዘመን ጦርነት ወስዶት በዚያው ቀርቷል። መርዶው መጣ፤ አስከሬኑ አልመጣም።

«ፀሐዩ ይጎዳሻል» አልኳት። ጃንጥላ አወጣች።

«ተኩሱ ጆሮ ያደነቁራል።»

«ጆሮዬ ድሮም ደህና አይደል» ብላ ጫማዋን አጠለቀች።

መንገዱን ሙሉ የታክሲውን መስኮት ስከፍትና ስዘጋ፣ ቦርሳዬን ከጭኔ ላይ ሳነሳና ሳስቀምጥ ሄድኩ። «አንቺ ልጅ፣ ቁንጫ ይዞሻል እንዴ?» አለችኝ። ድሮም አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ የዚያን ቀን ግን ባሰብኝ።

እንደደረስን እሷን ወንበር ላይ አስቀምጬ ጩጬን ፍለጋ ከድንኳኑ ጀርባ ዞርኩ። በአዘቦት ቀን መድኃኒት ቤት ውስጥ የሳል ሽሮፕ የሚሸጠው አለቃቸው «ሻለቃ» ኮፍያውን ገልብጦ ዕጣ እያስወጣ ነበር። ኮፍያው ውስጥ ነጭና ጥቁር አዝራሮች አሉ፤ ጥቁር የወጣለት ይሞታል። ዕጣ ባይኖር እሺ ብሎ የሚሞት የለም፤ ሁሉም ዘመዶቹን ጋብዞ ነው የሚመጣው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ጩጬ መዳፉን ሲከፍት ጥቁር ነው።

ጎትቼ ለብቻው ወሰድኩት። «በእናትህ እንዳትወድቅ።»

«ሕግ ነው እኮ! ሻለቃ ያባርረኛል።»

«ያባርርህ! አንተም ደግሞ ዓይኗ እያየ ልትሞትባት ነው?»

ጠመንጃውን ከአንድ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። «እሺ በቃ» አለኝ፤ ደስ ግን አላለውም።

ስመለስ እናቴ ወንበሩን ትታ ተመልካቹን ከሜዳው ከሚለየው ገመድ ሥር ቆማለች። ብትለምኗት አትቀመጥም። ድምፅ ማጉያው ጮኸ፣ ባዶ ጥይቱ ተንጣጣ፣ ጭሱ ሜዳውን ሸፈነው። የጩጬ ጓደኞች ተራ በተራ ወደቁ። እሱ ይሮጣል። ሦስት ጠላቶች አፍንጫው ሥር ደርሰው ተኮሱበት፤ ይሮጣል። ብቻውን ቀረ። ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ። «ሰውዬው ከብረት ነው እንዴ የተሠራው?» አለ አንዱ። ሻለቃ ማዕረጉን ረስቶ «አንተ፣ ሙት እንጂ!» እያለ ይጮሃል። እኔ እፎይ ብዬ እንደ ሰው ልስቅ ስል እናቴ ክንዴን ጨበጠችኝ።

«ለምንድን ነው የማይወድቀው?»

«እኔ ነኝ እማ። እንዳትደነግጪ ብዬ ለመንኩት።»

«ማን ላከሽ?» አለችኝ። እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «ሲወድቅማ አውቀዋለሁ። ታላቅሽ በየሌሊቱ ሲወድቅብኝ ነው የሚያድረው። ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ይነሳል ብሎኛል ጩጬ። አንድ ቀን እንኳ ልጄ ወድቆ ሲነሳ ልይ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት!»

አፈርኩ። «ጩጬ፣ ውደቅ!» ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄን ተኩሱ ዋጠው። እናቴ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች።

«ልጄ! ውደቅ!»

የሷን ድምፅ የትም ቢሆን ይለየዋል። ቆመ፣ ዞሮ ፈለገን፣ ግራ ተጋባ። ከዚያ ማንም ሳይተኩስበት በግንባሩ ተደፋ።

ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ገመዱን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። እናቴ ዓይኗን አልነቀለችም። ሻለቃ ፊሽካውን ነፋ። ሟቾቹ እየተሳሳቁ፣ ሱሪያቸውን እያራገፉ፣ የየራሳቸውን ኮፍያ እየፈለጉ ተነሱ። ጩጬ ከሁሉም መጨረሻ በክርኑ፣ ቀጥሎ በጉልበቱ፣ ከዚያ በእግሩ ቆመ።

«ተነሳ» አለች እናቴ። አጠገቧ የቆመችውን የማታውቃትን ሴት ትከሻ ያዘች። «አየሽልኝ? ተነሳ እኮ!»

ጩጬ አንገቱን ደፍቶ መጣ፤ ቁጣ ነው የጠበቀው። እናቴ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ፊቱን ዳበሰችው።

«አንዴ ድገምልኝ» አለችው።

እኔን አየኝ። «ድገምላት» አልኩት። ሰዉ ወደ መኪናው እየተጋፋ ሲሄድ ወንድሜ እግሯ ሥር ሳሩ ላይ ተጋደመ፤ እጇን እስክትዘረጋለትም ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።