ሽታዬ ዝም ያለች ጊዜ

ሽታዬ በሶዶ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ድምጿ ከሩቅ ይለይ ነበር። ቤቷም ስትገባ ያው ነች። ባሏ መክብብ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ። ሰው "እንዴት ነህ?" ቢለው እንኳ የምትመልስለት እሷ ነበረች።

አንገቷ ላይ የነበረው እንቅርት አድጎ ትንፋሽ ሲያሳጥራት ኦፕራሲዮን ሆነች። እንቅርቱ የድምፅ ነርቯን ስለተጫነው ነርቩ በኦፕራሲዮኑ ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሯት ነበር። የፈራችው ደረሰ። ስትነቃ ከጉሮሮዋ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ቤት ከገባች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት አበዛች። ጎረቤት ሲመጣ እንቅልፍ የወሰዳት ትመስላለች። መክብብ ከሥራ ገብቶ ሾርባ ይሠራላታል፤ ጨው ያበዛል። የቤቱ ጭርታ ሲያስጨንቀው ማውራት ጀመረ፦ ስለፈነዳ ቧንቧ፣ ቦዲቲ ከተማ ባጃጅ ውስጥ ከተሳፋሪ እጅ ስላመለጠች ዶሮ። ሽታዬ ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ እንደ ፉጨት ወጣ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሾርባውን እያማሰለ፣ ጀርባውን እንደሰጣት፣

"ልጃችን አልቅሶ ነበር" አላት።

ከዓመታት በፊት በወሊድ ደም ፈሷት ራሷን ስታ ነበር። ስትነቃ "ሞቶ ነው የተወለደው" ብለዋት፣ እሷም ያንን አምና ኖራለች።

"ትንሽ በሕይወት ቆይቷል" አለ መክብብ። "እኔ ነኝ ያቀፍኩት። ጣቴን ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ። ልነግርሽ ስጀምር ቶሎ ሌላ ወሬ ታነሺ ነበር። እንዳላሳምምሽ ብዬ ተውኩት።"

ሽታዬ ተነስታ ማማሰያውን ከእጁ ወሰደች። ለመቆጣትም፣ ለመጮህም ድምፅ አልነበራትም።

"ማንን ይመስል ነበር?" አለች፣ በሹክሹክታ። አልሰማትም፤ ጎንበስ አለላት። ደግማ ጠየቀችው።

"ግንባሩ ያንቺ ነበር።"

ተቃቅፈው አለቀሱ። ሾርባው አረረ።

በማግስቱ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከቤተክርስቲያን አጥር ውጭ ወዳለ አንድ ጽድ ወሰዳት። ክርስትና ሳይነሳ የሞተውን ልጅ መክብብ ብቻውን የቀበረው እዚያ ነበር።

"ለራሴ ዓምደሚካኤል ብዬዋለሁ" አላት፣ እያፈረ።

ሽታዬ ስሙን በሌላት ድምፅ ደጋግማ ጠራችው።

ከወራት በኋላ ድምጿ በግማሽ ተመለሰ፤ ሻካራ ነው። ገበያ ስትወጣ ጎረቤቷ ነጋዴ እታፈራሁ አዘነችላት።

"ያ ድምፅሽ! እንዲህ ሆኖ ይቅር?"

"እኔም ይናፍቀኛል። ግን ልጄን ያገኘሁት ከዚያ ወዲህ ነው።"

"የምን ልጅ?" አለች እታፈራሁ፣ ግራ ገብቷት።

ሽታዬ ጨርቁን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠቻት።

"ቀረብ በይ" አለቻት፣ "ልንገርሽ።"